ዛሬስ ከየት ወደ የት ናቸው?

አጎቴ ወረታ ከተማ ውስጥ ሳይክል ሲጠግኑና ሲያከራዩ ነው የኖሩት። ኪራዩ ቆሟል፤ ልጁ ሁሉ ባጃጅ ላይ ነው። ጥገናው ግን አለ፤ ምክንያቱም ፎገራ ላይ ሳይክል ዛሬም ሥራ የሚሠራ ዕቃ ነው። ሩዝ ይጭናል፣ ጄሪካን ይጭናል፣ ሲያስፈልግ ባልና ሚስት ከነበጋቸው ይጭናል።

ስልካቸው የቁልፍ ስልክ ነው። ስለዚህ ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ በስልኬ ያየሁትን ነገር ደውዬ በአፌ መንገር ነበረብኝ።

«ቢንያም ግርማይ የሚባል ልጅ ቱር ደ ፍራንስ ላይ አሸነፈ» አልኳቸው።

«ሩጫ ነው?»

«ሳይክል ነው አጎቴ።»

«እህ! የየት አገር ልጅ ነው?»

«የአሥመራ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «አሥመራማ ሳይክል ያውቃሉ። እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ ጎንደር ላይ ነበር የሚሠራው፤ ሙያውን የለመደው ግን አሥመራ ነው» አሉ። ቀጥለው «ታዲያ ውድድሩ አለቀ ማለት ነው?»

«አላለቀም፤ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሦስት ሳምንት ይፈጃል።»

«ባላለቀ ውድድር እንዴት ብሎ ያሸንፋል?»

ይቺን ጥያቄ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ካርዴም አለቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። ውድድሩ በቀን በቀን ይከፋፈላል፤ አንዱ ቀን «ኤታፕ» ይባላል። ጠዋት ከአንድ ከተማ ተነስተው ከሰዓት ሌላ ከተማ ይገባሉ፤ ቀድሞ የገባው የዚያን ቀን አሸናፊ ነው። ግን የእያንዳንዱ ሰው ሰዓት ይያዛል፤ በነገታውም በላዩ ላይ ይደመራል። በመጨረሻ ጠቅላላ ሰዓቱ ትንሽ የሆነው የውድድሩ ባለቤት ይሆናል። አንድም ኤታፕ ሳያሸንፉ ሁሉን ማሸነፍ ይቻላል። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ቀን ታሪክ ሠርቶ በማግሥቱ ተራራ ላይ ግማሽ ሰዓት መቀጣት አለ።

አጎቴ ገባቸው። በማግሥቱ ማታ ራሳቸው ደወሉ። አጎቴ በሕይወታቸው ለሰላምታ ብለው ደውለውልኝ አያውቁም፤ ያን ቀንም ሰላም ሳይሉኝ ነው የጀመሩት።

«ዛሬስ ከየት ወደ የት ናቸው?»

ያን ክረምት ወረታ ከሄድኩ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ በግጭቱ ምክንያት አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሲከፈትም የሚሄደው ግድ የሆነበት ሰው ነው። እና እኔና አጎቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ያወራነው ስለ ሌላ አገር መንገድ ነው። የትኛው ከተማ ከየትኛው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ድልድዩ የት ጋ እንደሆነ፣ ዳገቱ የት እንደሚጀምር። ስለ እኛ መንገድ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነበር፤ «ዛሬ ዝግ ነው» ወይም «ዛሬ ደህና ነው ይላሉ»።

በኋላ ታሪኩን ሳነብ የገረመኝ፣ ይሄ ውድድር ሲጀመርም እንዲሁ መሆኑ ነው። ለማያይ ሰው እንዲነገር የተፈጠረ ነገር ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልጠቆምኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1903 ፓሪስ ውስጥ ሎቶ የሚባል የስፖርት ጋዜጣ ሊከስር ደርሶ ነበር። ተቀናቃኙ ለ ቬሎ ነው፤ የሁለቱ ጠብ ደግሞ ከስፖርት አልፎ አገሩን ለሁለት ከከፈለው የድሬፉስ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነበር። አዘጋጁ ሄንሪ ደግራንዥ ሐሳብ አምጡ ሲል፣ ዤዎ ለፌቭር የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ «ፈረንሳይን የሚዞር ውድድር እናድርግ» አለ። ከዚያ በፊት ረጃጅም ውድድሮች ነበሩ፤ ከፓሪስ ቦርዶ፣ ከፓሪስ ብረስት ደርሶ መልስ። አገር የሚዞር ግን አልነበረም። የጋዜጣ ሰው ዓይን ካላችሁ ሒሳቡ ይገባችኋል። አንድ ቀን የሚያልቅ ውድድር አንድ ዕትም ይሸጣል፤ ሳምንታት የሚፈጅ ውድድር ግን ሰውዬውን በየጠዋቱ «ትናንት ምን ሆነ?» እያለ ወደ ጋዜጣ ሻጩ ያስሮጠዋል።

ሐምሌ 1 ቀን 1903 ስልሳ ሰዎች ከፓሪስ ወጣ ካለች ሞንዥሮን ከምትባል ቦታ፣ ከአንድ ቡና ቤት ደጃፍ ተነሱ። ቢንያም ቶሪኖ ላይ ያሸነፈውም ልክ በዚያው ቀን፣ ከ121 ዓመት በኋላ ነው። ስድስት ኤታፕ፣ 2,428 ኪሎ ሜትር። የመጀመሪያው ኤታፕ ብቻውን 467 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ መንዳት ማለት ነው። የጨረሱት 21 ብቻ ናቸው። አሸናፊው ሞሪስ ጋረን የጭስ ማውጫ ጠራጊ የነበረ ሰው ነው፤ ሁለተኛውን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ በቀረው ልዩነት ቀደመው። ጋዜጣውም ዳነ። ይታተም የነበረው በቢጫ ወረቀት ነው፤ የመሪው ቢጫ ማልያ ከዚያ እንደመጣ ይነገራል።

አጎቴ ግን ስለ ጋዜጣ ብዙም ግድ አልነበራቸውም። እሳቸውን እንቅልፍ የነሳቸው የክሪስቶፍ ታሪክ ነው።

አንድ ማታ «ሳይክሉ ሲበላሽ ማን ይጠግንላቸዋል?» አሉኝ። አሁን ከኋላ መኪና እንደሚከተላቸው፣ መኪናው ላይ ሙሉ ሳይክል እንደተጫነ፣ ጎማ ሲፈነዳ ሌላ ሳይክል አውርደው እንደሚሰጧቸው ነገርኳቸው። ቅር አላቸው። «እንዲያማ ከሆነ ምኑን ሳይክለኛ ሆኑት» አሉ። ያኔ በ1913 የሆነውን ነገርኳቸው።

ኧዤን ክሪስቶፍ ያን ዓመት ሊያሸንፍ ይችል ነበር። ፒረኔ ተራሮች ላይ፣ ቱርማሌ ከሚባለው ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተሰበረ። በጊዜው ደንብ ማንም ሊረዳው አይችልም፤ ሳይክልም መቀየር የለም። ሳይክሉን ተሸክሞ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ ሴንት ማሪ ደ ካምፓን የምትባል መንደር ደረሰ። እዚያ የብረት ቀጥቃጭ ቤት አገኘ። ቀጥቃጩ ቆሞ እያየ፣ የውድድሩ ተቆጣጣሪዎችም ቆመው እያዩ፣ ክሪስቶፍ በገዛ እጁ ብረቱን አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ሹካውን ሠራ። ሰዓታት ፈጀበት። ሁለት እጁ ብረት ስለያዘ ወናፉን የሚነፋለት አንድ ትንሽ ልጅ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ለዚያ ቀጡት፤ «ሰው ረድቶሃል» ብለው ሰዓቱ ላይ ደቂቃ ጨመሩበት።

«ለወናፉ?» አሉ አጎቴ። «ለወናፉ።» «ሕፃን ልጅ ወናፍ ነፋ ብለው?» «አዎ።» ከዚያ በኋላ ያሉትን አልጽፈውም። ክሪስቶፍ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1919፣ ቢጫውን ማልያ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰ ሰው እንደሆነ ነግሬ ላጽናናቸው ሞከርኩ። ግን እውነቱን መጨረስ ነበረብኝ፤ በዚያው በ1919፣ እየመራ፣ ሊያልቅ ሁለት ኤታፕ ሲቀረው ሹካው እንደገና ተሰበረ። አጎቴ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉና «የብየዳው ጥፋት ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

1919ን ያነሳሁት ግን ለሌላ ነገርም ነው። ደግራንዥ አገር የሚዞር ውድድር ሲያስብ፣ «አገር» የሚለው ነገር የት ጋ እንደሚያልቅ መወሰን ነበረበት። በ1871 ጦርነት ጀርመን ከፈረንሳይ የወሰደችው የአልዛስና ሎሬን ምድር አለ። ውድድሩ ፈቃድ እየለመነ ወደዚያ ይገባ ነበር፤ ከ1907 እስከ 1910 በጀርመን እጅ የነበረችው የሜትስ ከተማ የኤታፕ መድረሻ ነበረች። የጀርመን ሹማምንት ነገሩ የሳይክል ብቻ እንዳልሆነ ገባቸውና ከለከሉ። ዓለም ጦርነት ሆነ፣ አለቀ። በ1919 ውድድሩ ሲመለስ ወደ ስትራስቡርግና ወደ ሜትስ ሄደ፤ አሁን ፈረንሳይ ናቸው። መንገዱ በመድፍ የታረሰ ነበር፤ የጨረሱት አሥር ምናምን ሰዎች ናቸው። ግን ጋዜጣው ላይ የታተመው ካርታ ግልጽ ነበር። ጎማው የረገጠው ሁሉ የኛ ነው፣ ይላል።

ጣልያኖች ይሄንን ጥበብ ፈጥነው ቀዱት። ጂሮ ዲታሊያ በ1909 ተጀመረ፤ እሱም የጋዜጣ ልጅ ነው፣ ጋዜጣው ሮዝ ስለሆነ ማልያውም ሮዝ። ሳይክልን ወደኛ አካባቢ ያመጡትም በዋናነት እነሱ ናቸው። ዛሬ የአጎቴ ሱቅ ውስጥ ብትገቡ የምትሰሙት ግማሽ ቋንቋ የነሱ ነው፤ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ፍሬን። ቅኝ ገዢው ሄደ፣ ከመነዳሪው ቀረ።

አሥመራ ውስጥ በ1930ዎቹ የሳይክል ውድድር ነበር፤ ለጣልያኖች። ኤርትራውያን ከነሱ ጋር መወዳደር አይፈቀድላቸውም። በ1939 ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ውድድር ተደረገ፤ ዓላማው ማን እንደሚበልጥ ማሳየት ነበር። አሳየም። ያሸነፈው ገብረማርያም ገብሩ የሚባል ኤርትራዊ ነው። ጣልያን ከዚህ አካባቢ የተባረረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ የመጨረሻው እጅ መስጠት በኅዳር 1941 ጎንደር ላይ፣ ከኛ ወረታ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆነ።

1946 ለኔ ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ጂሮ ተካሄደ። አንዱ የኤርትራ ጂሮ ነው፤ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር በነበረች ኤርትራ የተደረገ የመጀመሪያው ባለ ብዙ ኤታፕ ውድድር። ሌላው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የተደረገው የመጀመሪያው የጣልያን ጂሮ ነው። ባርታሊ አለ፤ በእንግሊዞች ተማርኮ የነበረው ኮፒም አለ። አንዱ ኤታፕ ወደ ትሪየስቴ ነበር። ትሪየስቴ ያኔ እንደ ኤርትራ ሁሉ በባዕድ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ናት፤ ጣልያንና ዩጎዝላቪያ ይጣሉባታል። ፒየሪስ የምትባል ቦታ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቃቸው፤ ድንጋይ ወረደባቸው፣ ተኩስም ነበር። አብዛኞቹ ቆሙ። የተወሰኑት ግን በወታደር መኪና ተጭነው አደጋውን አለፉና ከከተማዋ ሲቃረቡ ወርደው ነዱ። ያሸነፈው ጆርዳኖ ኮቱር ነው፤ የትሪየስቴ ልጅ።

ይሄን ሳነብ ኮቱር መኪናው ላይ ቁጭ ብሎ ምን ያስብ እንደነበር ብዙ አሰላሰልኩ። አገሩ ሊገባ ነው። መንገዱ የልጅነት መንገዱ ነው። ግን ለመግባት የወታደር መኪና ያስፈልገዋል። ለአጎቴ ስነግራቸው ምንም አላሉም።

ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ሳይክሏም አብሮ መጣ። በኅዳር 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ የላከችው 12 ሰው ነው፤ ስምንቱ አትሌቶች፣ አራቱ ሳይክለኞች። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሯጮቹን ነው፤ ማሞ ወልዴ ያኔ ገና ጀማሪ ሆኖ አብሯቸው ነበር። ሳይክለኞቹ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባሕታና ኃይሉ ፋና ይባላሉ። በቡድን ውጤት ዘጠነኛ ወጡ። እስኪ አስቡት፤ በመጀመሪያ ኦሎምፒካችን፣ በ187 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር፣ በአውሮፓውያን ጨዋታ። ቡድኑ ውስጥ እንደ ፀሐዬ ባሕታ ያሉ ከኤርትራ የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ገረመው ደግሞ በ1960 ሮም ላይም ተወዳድሯል። ሮም ላይ ግን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ከዚያ በኋላ ሳይክልን ማን ያስታውስ?

በዚህ አበበን መውቀስ አይቻልም። ግን አንድ ልዩነት አለ። ማራቶን አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ 42 ኪሎ ሜትር ነው። የሳይክል ጉዞ ውድድር ከከተማ ከተማ፣ ከሳምንት ሳምንት የሚዘልቅ መንገድ ይፈልጋል። የኛ መንገድ ደግሞ እንደዚያ አልሆነም። ፌዴሬሽኑ በ1962 ፈረሰ፣ ሠላሳ ዓመት ተዋጋን፣ በ1993 ተለያየን፣ ከ1998 እስከ 2000 እንደገና ተዋጋን። የሳይክሉ ታሪክም እዚያው ድንበር ላይ ተቆረጠ። ጦርነቱ እንዳበቃ በ2001 ኤርትራ ጂሮዋን መልሳ አስነሳች። እኛ ጋ ሳይክሉ ጠንክሮ የቀረው በዋናነት መቀሌ ነው።

ከመቀሌ የወጣው ጽጋቡ ግርማይ ነው በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው። ላምፕሬ–ሜሪዳ በሚባል ቡድን ነበር። ሥራው «ዶሜስቲክ» የሚባለው ነው፤ ፈረንሳይኛው በቀጥታ የቤት አገልጋይ ማለት ነው። ለመሪው ውኃ ማምጣት፣ ከፊቱ ሆኖ ነፋሱን መቁረጥ። ኋላ በትግራይ ጦርነት ስልክ ሲቋረጥ፣ አውሮፓ ሆኖ ለወራት ቤተሰቡን ማግኘት እንዳቃተው ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ሌላዋ የትግራይ ልጅ ኢየሩ ገብሩ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ሳይክል የተወዳደረችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ነፋስ ስል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጓደኛዬ ጋር ሁለት የአጎቴን ፎኒክስ ለአንድ ሰዓት ተከራይተን (ለኔም ዘመድ ብለው አልማሩኝም) ከወረታ ወደ ጉማራ ድልድይ ነዳን። ሜዳ ነው፤ ጠረጴዛ የመሰለ። ሩዙ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ነበር። ስንመለስ ከጣና በኩል ነፋስ ተነሳ። መንገዱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሆነ ከጎን ነው የሚመታው። ፔዳሉ እምቢ አለ። ያኔ ማንም ሳይነግረን ከጓደኛዬ በስተቀኝ ትንሽ ወደ ኋላ ሆኜ ስነዳ እንደሚቀለኝ አወቅሁ፤ ሲደክመው ቦታ እንቀያየራለን። የቱር ደ ፍራንስ ሰዎች ይሄንን በሰያፍ መደርደር «ኤሼሎን» ይሉታል፤ ከሰው ጀርባ መንዳት ሩብ ያህል ወይም ከዚያም በላይ ጉልበት ይቆጥባል። ለዚህ ነው መቶ ሰባ ሰው እንደ ፎገራ ከብት ተጠጋግቶ በአንድ መንጋ የሚነዳው። አርባ ደቂቃ አርፍደን ደረስን። አጎቴ ሱቁ በር ላይ ቆመው ነበር። የአርባ ደቂቃውን አስከፈሉን።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቢንያም ሦስት ኤታፕ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ይዞ ሳለ፣ ለአጎቴ እንዲህ አልኳቸው፦ «ባሕር ዳር–ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሙሉ ኤታፕ ነው እኮ።»

ሳቁ። ከዚያ ግን ያዙት። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረው ይነሱ አሉ። እስከ ሐሙሲት መንጋው አብሮ ይሄዳል፤ ከጉማራ በኋላ ነፋሱ ይበትናቸዋል። ወረታ ላይ በፍጥነት ቀድሞ ላለፈ ነጥብ ይሰጥ። የርብን ድልድይ አልፈው አዲስ ዘመን፣ ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል፤ ደካማው እዚያ ይቀራል። ማክሰኚት፣ አዘዞ፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ማለቂያ። በማግሥቱስ? «በማግሥቱማ ወደ ወረታ ይመለሱና በቻይና መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ይውጡ!» አሉ። ከ1,800 ሜትር ወደ 2,700 ገደማ፣ በአርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ። ከዚያ በጉና ሥር አድርጎ ጋይንት፣ ወልድያ። አጎቴ እየደነቁ ሄዱ፤ እኔም ወረቀት አውጥቼ መሳል ጀመርኩ።

«ግን በሐምሌ አይሆንም» አሉ በድንገት። «በሐምሌ ርብ ይሞላል፣ ሜዳው ሁሉ ውኃ ነው። ኅዳር ላይ ይሁን፤ ሩዙ ሲታጨድ። ሰውም መንገድ ዳር ወጥቶ ያያል።»

«ኅዳር ላይ ይሁን እሺ።»

«መንገዱስ?» አሉ። ምን ለማለት እንደፈለጉ ገብቶኛል፤ አስፋልቱን አይደለም። አልመለስኩም።

ሐምሌ 14 ቀን ውድድሩ ኒስ ላይ አለቀ። ቢንያም አረንጓዴውን ማልያ ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። ደውዬ ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው፣ መረቁት። በማግሥቱ ማታ በአንድ ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ።

«ዛሬስ ከየት ወደ የት ናቸው?»

«አለቀ እኮ አጎቴ፣ ትናንት ነገርኩዎት።»

«አዎ፣ ረስቼው» አሉ፤ እንዳልረሱት ግን ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ፤ ጠዋት አንድ ልጅ ከደራ በኩል ሩዝ ጭኖ ሲመጣ የኋላ ጎማው ሁለት ቦታ ተበስቶ እንደነበር፣ ከመነዳሪው የማይጠገን ስለሆነ ከሌላ ሳይክል አውጥተው እንዳሰሩለት፣ ልጁም ገንዘቡን ሲመለስ እከፍላለሁ ብሎ መሄዱን። ተመልሶ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «መንገዱ ከተከፈተ ነገ ይመጣል» አሉኝ።